ከቀንበር የተፈታ ፈረስ

ጥር 23 ቀን ጠዋት ወደ እንጅባራ የሚያስገቡ መንገዶች ሁሉ የፈረስ ናቸው። ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከጓጉሳ ገና ጎህ ሳይቀድ የተነሡ ፈረሰኞች በየቀበሌያቸው ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ጎረምሳው ከኋላ። አይሱዙውም ባጃጁም ጥግ ይዞ ያሳልፋቸዋል። ዳማው፣ ቦራው፣ ቡላው፣ ጉራቻው፣ አምባላዩ በግላስ አጊጦ፣ ልጓሙ ላይ ቀይና ቢጫ ክር ተንጠልጥሎበት ሲያልፍ፣ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ኮቴውን ከጆሮው በፊት በእግሩ ይሰማዋል። አገሩ ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ። የጥር ጠዋት ቁሩ አጥንት ይሰብራል። ፈረሰኞቹ ግን ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ ብርዱን ከቁብ ሳይቆጥሩት ይገባሉ።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጃንሜዳ አጠገብ ነው። የፈረስ ሜዳ ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ስለሆነ፣ እንጅባራንም ያየሁት ከጃንሜዳ ጋር እያስተያየሁ ነው። ጃንሜዳ የሀገር ጉዳይ የተነገረበት ሜዳ ነው። በ1901 ዓ.ም ግንቦት ላይ ልጅ ኢያሱ የዳግማዊ ምኒልክ ወራሽ መሆናቸው ለሕዝብ የታወጀው እዚያ ነው። በ1909 ዓ.ም ከሰገሌ ጦርነት በድል የተመለሰው ሠራዊት በንግሥት ዘውዲቱ ፊት የተሰለፈውም እዚያው ነው፤ የተማረኩት የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው በዚያ ሰልፍ መካከል አልፈዋል። ከተመልካቾቹ አንዱ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር ትንሽ ልጅ፣ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበር። አድጎ ስመ ጥር ተጓዥና ጸሐፊ ሲሆን፣ የዚያን ቀን ያየው ነገር በሕይወቱ ላይ ምን ያህል እንደሠራበት በመጽሐፉ መስክሯል። በሰላሙ ጊዜ ደግሞ የየሌጋሲዮኑ ሰዎች ፈረሶቻቸውን አምጥተው ይሽቀዳደሙበት፣ መኳንንቱም በበዓል ቀን ጉግስ ይገጥሙበት ነበር።

ዛሬ ጃንሜዳ ታቦታቱ ለጥምቀት የሚያድሩበት፣ አትሌቶች አገር አቋራጭ የሚሮጡበት ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የተራገፈበትም ጊዜ አለ። ሜዳው ብዙ ሥራ ችሏል። ከሥራዎቹ ሁሉ የከሰመው የፈረሱ ነው። እኔ ምክንያቱን በኑሮው ውስጥ አየዋለሁ። ከተማው ፈረስ የማያስፈልገው ኑሮ ያዘ፤ ፈረስ የሚያስገኘው ጥቅም ሲቀር የሚቀልበው ሰው ጠፋ፤ የሚቀልበው ሲጠፋ ሜዳው ለሌላ ሥራ ዋለ። ይህን ያረጋገጥኩት ግን ጃንሜዳ ቆሜ አይደለም። እንጅባራ ሄጄ ነው።

መንገዱ የታወቀ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወረዳል፣ ደጀን ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ደንበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ። እስከ ቡሬ ድረስ በመስኮት የሚታየው የጤፍና የበቆሎ አገር ነው። ከቡሬ ወዲያ መሬቱ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ጥላ እየበዛ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ አጥሩ ቀርከሃ፣ ማሳው ገብስና ድንች እየሆነ ይመጣል። ቲሊሊን ሲያልፉ በመንገዱ ዳር ፈረስ መብዛት ይጀምራል። ለበዓል የተሸለመ ፈረስ ማለቴ አይደለም። ገበያ የሚሄድ፣ እህል የጫነ፣ ሕፃን ያፈናጠጠ፣ ጨርቅ ብቻ ጀርባው ላይ ጣል የተደረገበት የዘወትር ፈረስ ነው። የዘንገናን ሐይቅ በዛፍ በተከበበው ጎድጓዳ ውስጥ ትቶ ጥቂት እንደሄዱ እንጅባራ ይደረሳል። አሮጌዎቹ ሰዎች አሁንም ኮሶበር ይሏታል።

እንጅባራ ያለችበት የአገው ምድር ለጸሐፊዎች አዲስ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ ደጋግመው እንደዘመቱበት በዜና መዋዕላቸው ሰፍሯል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ዓባይ ሲደርስ ያለፈው በዚሁ በአገው አገር ነው፤ ጎንደር ማሩን፣ ቅቤውንና የሥጋ ከብቱን ከዚህ ሕዝብ እንደምታገኝም ጽፏል። ሕዝቡ ራሱ የሚያወሳው ግን የወንድማማቾችን ታሪክ ነው። ሰባት ወንድማማቾች መጥተው አገሩን ተካፈሉ፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ጫራ፣ ዚገም፣ መተከል። ሰባት ቤት አገው የሚባለውም ከዚህ ነው፤ የፈረሰኞቹ ማህበር ስሙን የወሰደውም ከዚህ ትውፊት ነው።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው። እዚህች ዓመት ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። በ1932 ዓ.ም ጣሊያን ገና ከኢትዮጵያ አልወጣም። ጎጃም ውስጥ ከተሞቹና ምሽጎቹ በወራሪው እጅ ነበሩ፤ ገጠሩን ደግሞ እነ በላይ ዘለቀ፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ ይዘው ይታገሉ ነበር። የአገው ፈረሰኞች በማህበር የተሳሰሩት በዚያ ወቅት ነው። መታሰቢያውንም ያደረጉት ለዓድዋ ነው። ከዓድዋ ዘማቾች ጋር አብረው ለሞቱት ፈረሶች ጭምር። ዓድዋ ላይ ድል የተገኘው የካቲት 23 በጊዮርጊስ ቀን ነው፤ እነሱም በዓላቸውን ጥር 23 ላይ አደረጉት፤ የወሩን ጊዮርጊስ ይዘው፣ ፈረሰኛውን ሰማዕት። የመጀመሪያውን ወራሪ አባታቸው በፈረስ ሄዶ እንደመለሰው የሚያውቁ ሰዎች፣ ሁለተኛው ወራሪ በደጃቸው ሳለ ስለዚያ ድል ማህበር ሲጠጡ ምን እያሰቡ እንደነበር ለመገመት አይከብድም። እኔ ይህን እንደ ተራ አጋጣሚ ማየት አልቻልኩም።

ዓድዋ ላይ የጎጃምን ጦር ይዘው የዘመቱት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በየትኛውም ጦር ውስጥ ፈረስ ከባለቤቱ ጋር እኩል የሚወሳ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ያ ሁሉ ጀግና በታሪክ የሚጠራበት ስም ከፈረሱ የተወሰደ ሆኖ ሳለ፣ ለፈረሱ ራሱ መታሰቢያ ቀን ያቆመው ግን አንድ የገበሬ ማህበር ነው። አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ፈረስ በአራዳ ጊዮርጊስ ከጌታው ጋር በሐውልት ቆሟል። እንጅባራ ላይ ግን ዝክሩ በሕይወት ባለ ፈረስ ነው፤ በየዓመቱ ይወለዳል፣ ይሠለጥናል፣ ይሮጣል።

በ1932 ዓ.ም በጥቂት ሰዎች የተጀመረው ማህበር ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። በየወረዳው፣ በየቀበሌው ተዋቅሯል፤ የራሱ ደንብና አለቆች አሉት። አባላቱ በሠርግ ሙሽራ ያጅባሉ፤ በለቅሶ ቀብር ያጅባሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ ችግር የገጠመውን ይረዳሉ። በለቅሶ ላይ ያለው የፈረስ ሥርዓት የሚያንሰፈስፍ ነው። የሟቹ ፈረስ ኮርቻውና ግላሱ ተጭኖለት፣ ጋላቢ ሳይኖረው፣ በሰው እየተሳበ ከለቃሹ ፊት ይቀርባል። ዋናው በዓል በዓመት አንድ ቀን ይሁን እንጂ ማህበሩ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ለዚህ ይመስለኛል መንግሥት ሦስት ጊዜ ሲለዋወጥ እሱ ያልፈረሰው።

ወደ ሜዳው ልመለስ። ቤተ ክህነቱ ጸሎት ካደረሰ፣ ሽማግሌዎቹ ከመረቁ በኋላ ሜዳው ለፈረሰኞቹ ይለቀቃል። መጀመሪያ የሚያልፉት ሰጋሮቹ ናቸው። ስግሪያ የሚያምረው ከሩጫ በላይ ነው። የሰጋር ፈረስ እግር ሲረግጥ ጀርባው አይናወጥም፤ ጋላቢው ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ነጠላው ሳይነካ ያልፋል። አሮጌዎቹ ሰዎች ፈረስን የሚመዝኑት በዚህ ነው። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ለግልቢያው ዝም ብለው፣ ሰጋር ባለፈ ቁጥር ግን «እሰይ! እሰይ!» እያሉ ብድግ ይሉ ነበር። እድሜያቸው የገፋ ጋላቢዎችን ደግሞ ስግሪያ ላይ ነው ማየት። ከኮርቻ ሲወርዱ የሚደግፋቸው ሰው የሚሹ አባት፣ ኮርቻ ላይ ሲሆኑ ወጣት ናቸው።

ከዚያ ጉግሱ ይከተላል። ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ብረት የሌለበት ዘንግ ይወረውራል። ሸሺው ወይ በጋሻው ይመክታል፣ ወይ በፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ዘንጉን በላዩ ያሳልፋል፣ ወይ በአየር ላይ ቀልቦ መልሶ ይወረውረዋል። ዘወር ሲሉ ተራው ይገለበጣል፤ አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል። ይህ ጨዋታ ከመነሻው የጦር ልምምድ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ግርግር ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ፈረሱ በልጓም ሳይሆን በጋላቢው ጉልበትና ክብደት እንደሚታዘዝ ይታወቃል፤ ሁለቱም እጅ በዘንግና በጋሻ ተይዟልና። እርካቡንም አየሁ። ከተማ ውስጥ እንደምናየው ጫማ የሚያስገባ ሰፊ እርካብ ያለው አለ፤ ጥቂት ሽማግሌዎች ግን በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ የሚያስገቡበት ትንሿን የድሮ እርካብ ይዘው ቀርተዋል። አባቶቻችን በመላው ደጋ አገር ሲጋልቡ የኖሩት በዚያች የጣት እርካብ ነው።

ግልቢያው መጨረሻ ነው። ሜዳው እንደ አውሮፓ ሜዳ በአጥር የተከለለ ክብ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ሳር ነው፤ ዳርና ዳር ያለው ሕዝብ ነው ወሰኑ። ሲለቀቁ ከአቧራው ቀድሞ የሚመጣው ጩኸቱ ነው። ሴቶች ጋላቢዎችም አሉ፤ እነሱ ሲያልፉ እልልታው ይለያል። ልብ ያልኩት ነገር ጋላቢው ባለፈረሱ ራሱ መሆኑን ነው። ባለሀብት ሰገነት ላይ ተቀምጦ በደመወዝ የተቀጠረ ጋላቢ አይሮጥለትም። ውርርድም አላየሁም። በሌላው ዓለም ብዙ የፈረስ ሜዳዎች የሚኖሩት በውርርድ ገንዘብ ነው፤ ተወራራጁ ሲሸሽ ሜዳው ይዘጋል፣ መሬቱ ለቤት መሥሪያ ይሸጣል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሺህ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ የሚቀልበው ማን ነው?

መልሱን የነገሩኝ እኚያው «እሰይ» ባዩ ሽማግሌ ናቸው። በዓሉ ሲበተን አብረን ወደ መንገዱ እየወጣን ነበር፤ የልጅ ልጃቸው አንድ ዳማ ፈረስ እየሳበ ይከተለናል።

«አባቴ፣ ይህ ፈረስ ለግልቢያ ብቻ ነው የሚኖረው?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ! ሰኔ ላይ ብትመጣ ሞፈር ሲጎትት ታገኘው ነበር» አሉኝ። «ያርሳል፣ ይጭናል፣ ገበያ ያደርሰኛል፣ ሚስቴን ሐኪም ቤት ያደርስልኛል። ለአንድ ቀን ሩጫ ብቻ ቢሆንማ እኔ ድኻው በምን አቅሜ እቀልበዋለሁ?»

በብዙው የሀገራችን ክፍል ሰው በፈረስ ሲታረስ ቢያይ ይገረማል፤ ማረስ የበሬ ዕጣ ነው ተብሎ ስለሚታመን። እንጅባራ ባለችበት በአዊ ደጋ ወረዳዎች ግን ፈረስ ቀንበር ይሸከማል። ቀዝቃዛው አገር ለፈረስ ይስማማዋል፤ ጥንድ በሬ ማቆም ያልቻለ ገበሬ በፈረስ አርሶ ያድራል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ብዙ ፈረስ ያላት መሆኗ ይነገራል፤ ቁጥሩ ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋል። ከዚያ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ጋሪ የሚጎትት፣ ጭነት የሚሸከም የድኻ ሰው ፈረስ ነው። ሽማግሌው የነገሩኝ የዚህን ሜዳ ምስጢር ነው። ጥር 23 ላይ የሚሮጠው ፈረስ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ የሠራ ፈረስ ነው። አዝመራው ተሰብስቦ፣ አውድማው ጠርቶ፣ ለጥቂት ሳምንታት ከቀንበር ሲፈታ ገብስ ይጨመርለታል፣ ገላው ይታጠባል፣ ጋማው ይበጠራል፣ ሜዳ ላይ ይፈተናል። የበዓሉ ቀን ከእርሻው ጊዜ ጋር የገጠመ ነው። የሌጋሲዮኖቹ ፈረሶች ከአዲስ አበባ ኑሮ ጋር እንዲህ ያለ ቁርኝት አልነበራቸውም፤ ባለቤቶቹ ሲሄዱ ሩጫው ሄደ።

እዚህ ላይ የምሰጋበትን ነገር መናገር አለብኝ። የእንጅባራ ሜዳ የሚኖረው ፈረሱ በኑሮው ውስጥ እስካለ ድረስ ከሆነ፣ ኑሮው ሲለወጥ ሜዳውም አደጋ ላይ ነው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል እስከ ገጠር ቀበሌዎች ዘልቀዋል። የግጦሽ መሬት በየዓመቱ ይጠባል። ፈረስ የሚጨርሱ በሽታዎች አሉ፤ ቆዳውን እያሳበጠ የሚያቆስለው ተላላፊ በሽታ ጋሪ ፈረሶችን ከሥራ ያወጣል፤ የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ከበሬና ከላም ተርፎ ለፈረስ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በዓሉ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ የሚደረገውን ጥረት ከልቤ እደግፋለሁ። ግን ከምዝገባው እኩል፣ ምናልባትም ይበልጥ፣ የሚያሳስበኝ የፈረስ ክትባትና የወል ግጦሽ ጉዳይ ነው። ፈረሱ ሳይኖር የሚመዘገብ የፈረስ በዓል ባዶ ኮርቻ ነው።

ከሁሉ በላይ መሬቱን የለወጠው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። በፋግታ ለኮማ በኩል የሚሄድ ሰው ከዳር እስከ ዳር በረድፍ የተተከለ አንድ ዓይነት ዛፍ ያያል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከእህል ጋር ይተክለዋል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ከሰሉ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። የደከመ አሲዳም መሬት የነበረው ሰው ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው፣ ልጁን ያስተማረው በዚህ ዛፍ ነው። ይህን በረከት የሚያቃልል ሰው በአገሩ አልኖረም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉ በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ሲጎዳ ሳይ አዝኛለሁ። ግን ዛፉ የቆመበት ቦታ ቀድሞ ብዙውን ጊዜ ሳር ነበር፤ ሳሩ ላይ ይቆም የነበረው ፈረስ ነው።

በበዓሉ ማግስት ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ያገኘሁት ገበሬ ይህን ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ሁለት ፈረስ አለው፤ አንዱ ትናንት ሜዳ የነበረ ነው፤ ዛሬ ኮርቻው ወርዶለት ይግጣል። ወንድሞቹ መሬታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዛፍ ተክለውበታል።

«አንተስ ለምን ሙሉውን አልተከልክም?» አልኩት።

«እኔም ከወንዙ ወዲያ ያለውን ለዛፉ ሰጥቻለሁ» አለኝ። «ቆርጬ ሸጬበታለሁ፤ አልዋሽህም፣ ጠቅሞኛል። ከወንዙ ወዲህ ያለውን ግን ለፈረሶቹ ትቻለሁ። አባቴ የማህበሩ ሰው ነበር፤ እኔም ነኝ። ልጆቼ ነገ ገንዘብ ሲያምራቸው እንዳያርሱት በሽማግሌ ፊት ተናግሬያለሁ፤ ወረቀትም አስጽፌበታለሁ።»